በዝርዝሩ አናት ላይ የነበረው ጥለት

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጣቢያችን መጥተው ሌባ ያዙልኝ አሉ። ሲቀላ ያለው የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ኮታቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። እኔ ሳጅን በዛብህ ነኝ። መዝገቡን ገለጥኩና የተሰረቀውን ጠየቅኳቸው።

«ጥለት ነው» አሉ።

«የስንት ጋቢ ጥለት?»

«ጋቢ አላልኩም። ሥዕሉ ነው የጠፋው፤ ከኮምፒውተሩ ውስጥ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩት። ከደብረ ታቦር ወደ አርባ ምንጭ ከተዛወርኩ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የፍየል ስርቆት መርምሬያለሁ፣ የሙዝ ስርቆት መርምሬያለሁ፣ አዞ በላው ተብሎ ከሌባው አልጋ ሥር የተገኘ የዓሣ መረብም መርምሬያለሁ። ሥዕል ከሽቦ ውስጥ ሲሰረቅ ግን አላጋጠመኝም።

ኢንስፔክተር ሰሊሆም ከጎኔ ሆና ሙዝ ትልጥ ነበር። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በማዕረግ ትበልጠኛለች፤ ስለዚህ ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚከለክለኝ የለም። የጨንቻ ልጅ ናት። ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፤ ይህ ለወንጀለኛ ከዱላ ይብሳል።

«ማንን ጠረጠሩ?» አለቻቸው።

«መጠርጠር ምን ያስፈልጋል? የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ብሩክታዊት ብቻ ናት፤ ጸሐፊያችን። ለሰውም ተናግሬያለሁ።»

«ለየትኛው ሰው?»

«ለገበያው» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ደግ እንደ ሠራ ሰው ደረታቸውን ነፍተው። «በዚያ በኩል ነው ያለፍኩት።»

ሰሊሆም ሙዙን ሳትበላ አስቀመጠችው።

*

ብሩክታዊት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ማኅበሩ ቢሮ ስንገባ ዐይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

«እናቴ ገበያው ውስጥ ሙዝ ትሸጣለች» አለች። «ልክነሽ ትባላለች። ልጅሽ ሌባ ናት ብለው የነገሯት ደንበኞቿ ናቸው። እኔን እሰሩኝ፣ ከሥራም ያባርሩኝ፤ እሷ ግን ነገ እዚያው ቦታ መቀመጥ አለባት።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሙዝ ሻጭ ልጅ ሀብት ደግሞ ስሟ ብቻ ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቅዳሜ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ሊያሰናብቷት ቆርጠዋል። ሦስት ቀን ነበረን።

ነገሩን አስረዳችን። ማኅበሩ የሸማኔዎቹን የጥለት ሥዕሎች በማንሻ መሣሪያ እያነሣ ኮምፒውተር ውስጥ ያስቀምጣል። ወረቀቱን አይጥ ስለ በላው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከመዝገቡ ውስጥ ለመስቀል ኤግዚቢሽን የሚሆን አንድ ጥለት ይመርጣሉ። ለዘመድ እንዳያዳሉ በማለት ሥዕሎቹ ስም የላቸውም፤ ማንሻው መሣሪያ የሚሰጣቸው ረጅም ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው በመሳቢያዋ የተቆለፈው ደብተር ነው።

«ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሥዕል አስገባሁ» አለች። «መዝገቡ ተዘጋ። ዝርዝሩን አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ስድሳ አንድ ቁጥር። በዚያው ወረቀቱ አለቀብኝ። አስር ተኩል ላይ ወረቀት ልገዛ ወጣሁ፤ ሱቁ ዝግ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር ስድሳ ናቸው።»

«ስትወጪ ማሽኑን ዘግተሽዋል?» አለች ሰሊሆም።

ብሩክታዊት አንገቷን ደፋች። «ክፍት ነበር።»

«የጎደለው የቱ ነው?»

«አናቱ ላይ ያለው። የአባባ ኤርጫፎ፣ የዶርዜው። መዝገቡን ስንጀምር ከሦስት ዓመት በፊት ያነሣነው የመጀመሪያው ሥዕል ነው።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር አየሁት። ቁጥር ከቁጥር በታች፣ ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። እውነት ለመናገር የስልክ ካርድ ነው የመሰለኝ።

*

ዘበኛው ጋሽ ዓባይ ከአስር ተኩል እስከ አሥራ አንድ ግቢ ውስጥ የነበሩትን ቆጥሮ ሰጠን። ሊቀመንበሩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በክፍላቸው ነበሩ፤ ሻይ ያመላለሰላቸው ራሱ ጋሽ ዓባይ ነው፤ ሦስቱም ከወንበራቸው አልተነሡም። የኮምፒውተር ባለሙያው አሸናፊ ጣራ ላይ ወጥቶ መስመር ይጠግን ነበር። ሸማኔው ክብሩም ሚስቱን ፍለጋ ብሎ ገብቶ ወጥቷል።

«አሸናፊ ነው» አልኩ። «ከማሽኑ ጋር የሚግባባው እሱ ብቻ ነው።»

«እንጠይቀዋ» አለች ሰሊሆም።

አሸናፊ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ተጠርጣሪ መሆኑን ስነግረው ደስ ያለው መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ጥቁሩን መስኮት ከፈተ።

«ይህቺ ኤል ኤስ የምትባል ትእዛዝ ናት» አለ። «በፋይሉ ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ትዘረዝራለች። ግን ሳጅን፣ ዝርዝር ማለት የጠየቅከውን ማሳየት ነው። ቀን አሳዪ ካላልካት አታሳይም። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ካለ ደግሞ፣ ሁሉንም አሳዪ ካላልካት ዐይታ እንዳላየች ታልፈዋለች።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም አታሳይም?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቀኑ ያዞረናል፣ የፈረንጁ ፊደል ያዞረናል፣ ቁጥሩን ብቻ አድርግልን አሉኝ። እኔም አማራጮቹን እንደፈለጉት አስተካክዬ፣ ሁልጊዜ በዚያው እንዲሠራ አድርጌ ጻፍኩላት። ቆይ፣ አሁን ሁሉንም ልበላት።»

አንዲት ፊደል ጨመረና ቁልፉን መታ። ቁጥሮቹ ተንጋጉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከፊቱ ትንሽ ነጥብ አለበት።

ብሩክታዊት አፏን በእጇ ያዘች። «የአባባ ኤርጫፎ ነው።»

«አልጠፋም» አለ አሸናፊ። «ተደብቋል። አሁን ደግሞ ቀኑን እንጠይቃት። ሥዕሉ የተነሣበት ይኸው፣ ከሦስት ዓመት በፊት። በሌላ አማራጭ ስንጠይቃት ስሙ የተነካበትን ትነግረናለች።» ሌላ ፊደል ጨመረ። «ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር አስር ሰዓት ከአርባ።»

አስር ከአርባ ላይ እሱ ጣራ ላይ ነበር፤ ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ በቆርቆሮው ጩኸት ስትማረር እንደ ዋለች ምላ ነገረችኝ። ነጥብ ከፊት ሲገባ ፋይል እንደሚደበቅ ማን ያውቃል ብለን ስንጠይቀው ደግሞ፣ በነሐሴ ሥልጠና ለአሥራ ሁለት የማኅበሩ አባላት አስተምሬያለሁ አለ። ክብሩም አንዱ ነበር፤ ፊት ወንበር ላይ።

ብሩክታዊትን ነጻ ያወጣናት መስሎን ሊቀመንበሩን ጠራናቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸው ራሷ ናት» አሉ። «ደብቃ በኋላ አገኘሁላችሁ ልትል ነበር። ያለ እኔ አትኖሩም ለማለት።»

አሁን እኔም ተናደድኩ። አንዳንድ ሰው አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ እውነቱን ራሱን ለማስተካከል ይነሣል።

*

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ክብሩ የጨንቻ መኪና መነሻ ሰዓት ደርሶብኛል ብሎ እየሮጠ እንደ ወጣ ጋሽ ዓባይ ነግሮን ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ሳቀብኝ።

«የጨንቻ መኪና በሰዓት ይነሣል? ሲሞላ ነው የሚነሣ። ማክሰኞ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው የሞላልን። ክብሩ የመጨረሻው ሰው ነበር፤ እያለከለከ ነው የደረሰ።»

ይህን ለሰሊሆም ነገርኳትና አንድ ጠጅ ቤት ጎራ ብሎ ይሆናል አልኩ። ክብሩ ከአባባ ኤርጫፎ ጋር ምን አለው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ግን የሚዋሽ ሁሉ ሌባ ቢሆን ጣቢያችን አይበቃውም ነበር።

«ኤርጫፎን ማን ይጠላል?» አለች። «ከዚያ እንጀምር። መኪናውን አስነሣ።»

ወደ ዶርዜ ወጣን። ከታች ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ ከላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ይህ መንገድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት አገር ነው። አባባ ኤርጫፎ ከቀርከሃ በተሠራው ረጅም ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ቆጮ በሚያቃጥለው በርበሬ በዳጣ አቀረቡልን። አማርኛውን የተማሩት በገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዐይን ያያሉ።

«ብሩክታዊት ጥሩ ልጅ ነው» አሉ። «እሱ አይሰርቅም።»

«የሚጠላዎት ሰው አለ፣ አባባ?» አለች ሰሊሆም።

«ነበሩ። ሁሉም ሞቱ» ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ያ ጥለት ምን ያደርግለታል ሌባው? ግማሽ ዶርዜ ይሠራዋል። እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። ለማሸነፍ አላስገባሁም። ባይራ ስለሆንኩ፣ ታላቅ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ ላስገባ ተባለ፤ አስገባሁ። አናቱ ላይም አስቀመጡኝ። እሱም ቢሆን በጥር ስብሰባ ተጣልተን ነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

እሳቸው መልስ ሲሰጡ እኔ ሁለተኛውን ቆጮ ማር እየቀባሁ ነበር። ዳጣው ምላሴን ይዞት ስለ ነበር ጆሮዬም አብሮ ተያዘ መሰለኝ፤ አልሰማሁም። ሰሊሆም ግን መብላቷን አቆመች።

*

ቁልቁለቱን ስንጀምር የታተመውን ዝርዝር ከቦርሳዋ አውጥታ ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋችው።

«በዛብህ፣ መኪናውን አቁምና አንድ ነገር አሳየኝ። ከእነዚህ ውስጥ በመጨረሻ የገባው የቱ ነው?»

ጣቴን አናቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ለምን?»

«አዲስ ነገር ከላይ ነዋ። ስልኬም ፎቶ የሚደረድረው እንደዚህ ነው። መልእክቱም እንደዚያው።»

ሳቀች። አራት ዓመት አብሬያት ስሠራ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

«አሁን የጠቆምከው የአባባ ኤርጫፎን ነው። ከሁሉ አሮጌውን። ሰውየው ሲነግሩህ ማር ትልስ ነበር፤ እኔ ልድገምልህ። ማሽኑ መጀመሪያ ሲመጣ አዲሱን ከላይ፣ አሮጌውን ከታች ይደረድር ነበር። ሽማግሌዎቹ በጥር ስብሰባ ተቆጡ። ጋሞ ውስጥ ባይራ ሳይቀመጥ ታናሽ አይቀመጥም፤ በስብሰባም፣ በማዕድም፣ በምርቃትም። ታናሹን ከታላቁ አናት ላይ የሚያስቀምጥ ማሽን ከቤታችን ይውጣ አሉ። አሸናፊ አንድ አማራጭ ጨምሮ ሰልፉን ገለበጠላቸው። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ከላይ ነው፣ አዲሱ ከታች።»

«እሺ፣ እና?»

«ኤርጫፎን የሚጠላ ሰው አጣን። ያጣነው የሚጠላቸው ስለሌለ ነው። ሌባው የፈለገው አዲሱን ነበር። ሥዕሉን ከፍቶ እንዳያይ ያ አሮጌ ማሽን አንዱን ሥዕል ለመክፈት አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ስም የለውም። ስለዚህ ልክ እንዳንተ አናቱ ላይ ያለውን አዲስ ነው ብሎ ደበቀው።»

ኩራትም ሐፍረትም ተሰማኝ። ጉዳዩን የፈታሁት በስህተቴ ነው፤ ቢሆንም ፈትቼዋለሁ።

ወደ ብሩክታዊት ደወለች። «ከታች ያለው የመጨረሻው ቁጥር የማን ነው?»

«ኢንስፔክተር፣ እሱማ ምስጢር ነው። እስከ ቅዳሜ ለማንም እንዳልናገር ምያለሁ።»

«ብሩክታዊት፣ ስምሽን ልመልስልሽ ነው።»

ሊያባርሯት ላሉ ሰዎች ምስጢር ስትጠብቅ ሰምቼ ልቤ ተነካ።

«የጌጤ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከሴት ጥለት ያስገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ስለዚህ ፈርታ በመጨረሻው ቀን ነው ያመጣችው። የክብሩ ሚስት ናት።»

«የጥር ወሩን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተመልከችልኝ። የቀረ ሰው አለ?»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «ሁለት ሰዎች። አንዱ በሐዘን ቀርቷል፤ ነፍሱን ይማር፣ በሚያዝያ ራሱም ተከተለ። ሌላው አዲስ አበባ ጋቢ ሊሸጥ ሄዶ ነበር፤ ክብሩ።»

«ሰልፉ መገልበጡን አልሰማም። መኪናውን አዙር» አለችኝ ሰሊሆም።

እዚያ ዳገት ላይ፣ በዚያ ጭጋግ መኪና ማዞር ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አዞርኩት።

*

ክብሩ ጨንቻ በሚገኘው ቤቱ ጓሮ፣ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሠራ ነበር። ጌጤ ከደጃፉ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። የፖሊስ ልብሴን ሲያይ መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ከሲቀላ ተነሣህ?» አልኩት።

«በአስር ተኩል።»

«መኪናው የሞላው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። አንተም የመጨረሻው ሰው ነበርክ።»

«ሚስቴን ስፈልግ ነበር።»

«እኔን?» አለች ጌጤ፣ እንዝርቷን አቁማ። «እኔ ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት እንደምሆን ጠዋት ነግሬህ የለ?»

ሰሊሆም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠችና ዝም አለች። ክብሩ ክሩን ፈታ፣ እንደገና ቋጠረ። እሷ ዝም ብላለች። ሦስተኛ ጊዜ ሲፈታው ክሩ ተበጠሰ።

«ስህተት ነው» አለ። «የአባባ ኤርጫፎን መንካት አልፈለግኩም። ረቡዕ ማታ ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«አውቃለሁ» አለች ሰሊሆም። «ከላይ ያለው አዲሱ መስሎህ ነው።»

«የፈለግከው የማንን ነበር?» አለች ጌጤ። መልሱን ከፊቱ ላይ አንብባዋለች፤ ግን ከአፉ እንዲወጣ ነው የፈለገችው።

«ያንቺን። እሑድ ስትስይው አየሁ። ማክሰኞ ወረቀቱ ከቤት የለም። ሃያ ዓመት ሸምኜ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት በሚስቴ ልሸነፍ ነው ብዬ ፈራሁ። እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ ነጥቡን ላነሣው ነበር።»

«ለምን ጨርሰህ አላጠፋኸውም?» አልኩት። ይህን ለመዝገቤ ያህል ነው የጠየቅኩት።

እንደ እብድ አየኝ። «የሰው እጅ ሥራ ማጥፋት ጎሜ ነው፣ ሳጅን። እንዲህ ያለ በደል ቤት ያናጋል፣ ከብት ይገድላል፣ ዝናብ ያስቀራል።»

«መደበቅስ?»

ክብሩ ትንሽ አሰበ። «እሱን ሽማግሌ አልጠየቅኩም።»

ሰሊሆም ፊቷን ወደ እንሰቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጌጤ ተነሥታ ከጉድጓዱ ራስ ላይ ቆመች።

«ክብሩ፣ ጥለቷ ያሸንፈኛል ብለህ ነው የደበቅከው?»

ክብሩ የተበጠሰውን ክር መልቀም ጀመረ።

«ተናገር።»

«ያሸንፈኛል» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ጌጤ ወደ እንዝርቷ ተመለሰች። ልትቆጣው ስትዘጋጅ ነበር፣ ግን ደስታዋ ቀደማት፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ አንገቷን ደፍታ ፈተለች። «ሌላዋስ?» አለችው ከጥቂት ጊዜ በኋላ። «ገበያ ለገበያ ሌባ የተባለችው ልጅ? እሷን ስትሰማ እንቅልፍ ወሰደህ?»

ያን ጊዜ ክብሩ አለቀሰ። እኔም ካቴና ማውጣቱ ትርፍ ሆኖ ታየኝ።

*

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ክሳቸውን አነሡ፤ የጠፋ ነገር የለምና ነገሩ ለሽማግሌ ተተወ። ቅዳሜ ማኅበሩ በግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ እንደ ዱቡሻቸው፣ እንደ አባቶች ሸንጎ፣ ታላቅ ከላይ ታናሽ ከታች ተቀምጠው። ክብሩ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አባባ ኤርጫፎ ይቅር አሉት፤ የሚስቱን ጥለት በገዛ እጁ ሸምኖ እንዲያስረክብ፣ እሷም ከጎኑ ቁጭ ብላ እንድታርመው ወሰኑበት። ሃያ ዓመት የሸመነ ሰው ይህን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። የጌጤ ጥለት ግን በምርጫው ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ የሆነው የኦቾሎ ሰው እንደ ነበር ለእውነት ስል እጽፋለሁ።

ከዚያ አባባ ኤርጫፎ ወደ ብሩክታዊት ዞሩ። «የተበደለው አንቺ ነው። ምን ይደረግልሽ?»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቶሎ ጣልቃ ገቡ። «ሥራዋ ላይ ትቆይ ብለናል፤ ደብዳቤ እንጽፍላታለን።»

«ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች ብሩክታዊት። «ሌላ ጸሐፊ የላችሁም። ደብዳቤ አልፈልግም። ስሜ በወጣበት አፍ ይመለስልኝ። በወጣበት ቦታ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንድም የተቃወመ የለም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተነሡ። አሸናፊ የሲም ካርድ ሻጮቹን ድምፅ ማጉያ ለምኖ አመጣላቸው። ቅዳሜ የሲቀላ ገበያ ቀን ነው፤ ሰዉ አፍ ለአፍ ገጥሞ ቆሟል። ሊቀመንበሩ መካከሉ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላቸው፤ ወዲያውም ተውኩት።

«ረቡዕ ዕለት የተናገርኩት ውሸት ነው» አሉ። «ብሩክታዊት ሌባ አይደለችም። ሳላጣራ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ብሩክታዊት ክንዷን አጣምራ ቆማለች።

«ሙዝ ተራ ድረስ አልተሰማም» አለቻቸው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያውን ይዘው በሰዉ መካከል እየተጋፉ ሄዱ። ወይዘሮ ልክነሽ ከሙዞቻቸው ኋላ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ከረቡዕ ወዲህ አንድም ቀን እንዳልቀሩ በኋላ ሰማሁ። ሊቀመንበሩ ፊታቸው ደርሰው ማጉያውን አወረዱና ጎንበስ አሉ።

«ልጅሽ አልሰረቀችም» አሉ፣ በገዛ ድምፃቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ፣ አንድ ዘለላ ሙዝ እያስተካከሉ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ያወረዱትን ማጉያ አንሥተው መልሰው አስያዟቸው። «ለነሱ ድገምላቸው።»

ደገሙት።